ኮንቴይነር በኮንቴይነር ውስጥ

ጎንደር፣ አዘዞ፣ ከመንገዱ ዳር፣ ሰማያዊ የተቀባ፣
በሩ ሲከፈት የሚያቃስት፣ ዝናብ በስንጥቁ የሚገባ
የብረት ኮንቴይነር አለኝ፤ ቀን ቀን ሞባይል እጠግናለሁ፣
ሌሊት ደግሞ እዚያው ቁጭ ብዬ ሌላ ኮንቴይነር እከፍታለሁ።

ይኼኛው ግድግዳ የለው፣ ጓጉንቸርም ቁልፍም የለው፣
ከላፕቶፔ ሆድ ውስጥ ሆኖ በትእዛዝ ነው የሚበቅለው፤
ሲዘጉት እንዳልነበረ፣ ሲከፍቱት እንደ ገና አዲስ፣
ትናንት ያቆሸሽኩትን ጥሎ፣ እንደ ታጠበ ልብስ።

የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው ሥራውን የጀመሩት፣
አንዱ ሊማ፣ አንዷ ሄልሲንኪ፣ በነጻ ለሰው የሰጡት።
እኔም የእኛን ዘመን ቆጠራ ልጨምርበት ብዬ
ዐሥራ ሦስት ወር ደረደርኩ፣ ክረምቱን እንቅልፌን ጥዬ።

ፈተናውን ሳስኬደው በእኔ ማሽን ሁሉም አለፈ፤
አራት መቶ ዐሥራ ሁለት ነጥብ አረንጓዴ ተሰለፈ።
ላክሁት። የሄልሲንኪዋ መለሰች፣ ሁለት መስመር፣ በትሕትና፦
«ሌሊት በኮንቴይነሩ ሳስኬደው ወድቋል አንድ ፈተና።»

«በእኔ ማሽን ይሠራል!» ስል ጮኽኩ ለብቻዬ።
ለዕንቁጣጣሽ የተያዘ ልብስ በዝቶባት ያመሸች ፈንታዬ
የስፌት መኪናዋን ገታ አድርጋ፣ ከቆርቆሮው ማዶ ሆና፣
«ሱሪው አንተ ላይ ልክ ሆነ፤ ለባለቤቱስ?» አለችና
መርገጧን ቀጠለች።

ጳጉሜን አምስት ነበር ያ ምሽት። ዘመኑ ሉቃስ ነው፣ ስድስት አላት።
ድማዛ ሞልቶ ይጮኻል፤ ጣሪያዬን ዝናብ ይደልቃት።
ምስሉን ለማውረድ የሌሊት ጥቅል ገዛሁ በሃያ ብር፤
ንብርብር በንብርብር ላይ፣ ግንበኛ እንደሚደረድር።
ሰማንያ ከመቶ ሲደርስ መብራት ጠፋ፣ ሞደሙ ዐይኑን ከደነ፤
ሲበራ ግን የወረደው ንብርብር አንዱም አልባከነ።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ፈተናውን አስነሣሁት።
ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ፣
ቀይ።
በዐይኔ በብረቱ አየሁት።
«የሚጠበቀው ጳጉሜን ስድስት፣ የተገኘው አምስት» አለኝ።
አንዲት ቀን ከእጄ ጎደለች፤ ማነው ሌባው፣ የሰረቀኝ?

ኮንቴይነሩን ጠየቅኩት፦ «ስንት ሰዓት ነው አንተ ጋ?»
«ሃያ ሁለት ሰዓት» አለ፣ «ትናንት ገና አልተዘጋ።»
እኔ ጋ ዕለቱ ተሻግሯል፤ እሱ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ፣
አዘዞን ከነዝናቧ የማያውቅ፣ አገሩ ሌላ።

ጥፋቱስ የእኔው ነበር። ኮዴ «ዛሬ ምንድን ነው?» ብሎ
ያገኘውን ሰዓት ይጠይቃል፣ ያለውን ሁሉ ተቀብሎ።
ፈንታዬ የምትሰፋው ልብስ ወረቀት ላይ ነው ቁጥሩ፦
ወገብ ሰባ ስምንት፣ ቁመት መቶ ሁለት፣ ከነድንበሩ።
እኔም ቀኑን በእጁ ሰጠሁት፣ በቁጥር፣ ከነዓመቱ፤
የትም ይነሣ፣ መቼም ይነሣ፣ አይለወጥም ልኬቱ።

ኮንቴይነሩን አፈረስኩት፤ ከባዶ ሠራሁት ደግሜ፤
አራት መቶ ዐሥራ ሁለት ነጥብ ቆጠርኩ፣ ተነሥቼ ቆሜ።
ሁሉም አለፈ።
ሌሊቱም አብሮ አለፈ።
ዝናቡ አላለፈም።

የብረቱን በር ገፋሁት፤ አቃሰተ እንደ ልማዱ፤
ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጥለው ሰዎች ለጠበል ወደ ወንዝ ሲሄዱ
አንዱ፣ ጥርሱ በብርድ እየተፋጨ፣ «ዛሬ ስንት ነው?» አለኝ።
«የት?» ልለው አልኩና ተውኩት።
«ስድስት።»