ቁልቁል

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፣ ሂርማታ ገበያ ዳር፣
ከቆርቆሮው በረንዳ ሥር፣ ከዘይት ነጋዴው አጥር፤
አርባ ዓመት ሙሉ አቀርቅሮ ኖሮ፣
መርፌ ዓይን ሥር ዓይኑን ቀርቅሮ።
እኔም ከማሽኑ እግር ሥር አደግሁ፣
ከቁርጥራጭ ጨርቅ አሻንጉሊት እየሰፋሁ፣
መርገጫው ሲወርድ ጣቴን እየሸሸግሁ።
ቀና ስል ፊቱ ነበረ፣ ከላይ የሚያየኝ፦
«ዙበይዳ፣ ክር አቀብይኝ።»

ምክሩም አንድ ነበረ፣ ሳይለወጥ ይነገራል፦
«ልጅ ከትልቅ ሰው ፊት ዓይኑን ይሰብራል፤
ዓይኑ ያልተሰበረ፣ ነገ አንገቱ ይሰበራል።»

አምና ሰኔ ሲገባ
መጀመሪያ የተዛነፈው የአንድ ሙሽራ ሱሪ እጥፋት ነበር።
ቀጥሎ ሾርባው ደረቱ ላይ። ቀጥሎ የደጃችን ደረጃ።
ቀጥሎም አዌቱ ድልድይ ላይ፣ ማንም ሳይገፋው፣
ወደ ኋላው ወደቀ፣ እንደ ተገነደሰ ግንድ።

ሰው መቼ ዝም ይላል፤
«ተማም ኮርቷል» አሉ፣ «ሰላም ስንለው ግድግዳ ያያል፤
በስተርጅና ዓይን አውጣ ሆኗል።»
ዓይን አውጣ!
ዕድሜ ልኩን ዓይኑን ሲሰብር የኖረ ሰው፣
ዓይኑ አልሰበር ቢለው ጊዜ
ስም ወጣለት።

ጅማ ሆስፒታል፣ ዝናብ መስኮቱን ሲደበድብ፣
ዶክተር ትርንጎ እስክሪብቶ አነሳች፦ «አባባ፣ በዓይንዎ ብቻ ይከተሉኝ።»
ወደ ግራ፣ ሄደ። ወደ ቀኝ፣ እየተጎተተ ሄደ።
ወደ ላይ፣ ጥቂት።
ወደ ታች ባለች ጊዜ
ግንባሩ ተኮማተረ፣ ጥርሱን ነከሰ፣ አገጩ ተንቀጠቀጠ፤
ዓይኑ ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

«አሁን ደግሞ እስክሪብቶው ላይ ይትከሉት፣ አይንቀሉት» አለችና
ራሱን በሁለት እጇ ይዛ፣ በቀስታ ወደ ኋላ አዘነበለችው።
ያን ጊዜ፣ እንደ ሱቅ አሻንጉሊት፣
ዓይኖቹ በገዛ ራሳቸው፣ ለስለስ ብለው፣ ቁልቁል ወረዱ።
ሲያዝዘው እንቢ ያለ ዓይን
ሳያዝዘው ሄደ።

የክርና የመቀስ ሰዎች መሆናችንን አውቃ በእኛ ቋንቋ ነገረችን፦
እያንዳንዱን ዓይን ስድስት ክር ይዞታል፤ አንዱም አልተበጠሰ።
ግን ከማጅራት በላይ፣ ከአንጎል ግንድ ጫፍ፣
ከሩዝ ፍሬ ባነሰች ስፍራ፣
«ውረድ» የሚለው ትእዛዝ ይፈተል ነበር፤
ፈታዮቹ አንድ በአንድ እያለቁ ነው።
የሚዛን መንገድ ከጆሮ ይነሳል፣ በዚያች ስፍራ አያልፍም፤
ራሱን ሳዘነብለው የወረደው ለዚህ ነው።
«መድኃኒቱስ?» አልኳት።
የእስክሪብቶዋን ክዳን ገጠመች።

አባቴ ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ ድምፁን እንደ ከባድ ጫማ እየጎተተ፦
«ስሰግድ ዓይኔ የሚያርፍበት ምንጣፍ ጠፋኝ።
ይቆጠርልኛል?»
እሷ ይህን አልተማረችም።

አሁን ሳህኑን በጣውላ ደራርቤ እስከ አገጩ አደርስለታለሁ።
የደረጃውን ጠርዝ ቢጫ ቀብቼው ነበር፤
ምን ያደርጋል፣ ቢጫውም ያለው ታች ነው።
ማሽኑ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ።
እሱ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ ከራሴ በላይ፣
ማዶ የሚያልፉትን ባጃጆች ያያል፣
ወይም የሚያይ ይመስላል።

ቅዳሜ ለት የጨረስኩትን ዩኒፎርም
ከፊቱ ከፍ አድርጌ ልይዝለት ብድግ ስል
«ተይው» አለኝ። ጉልበቱ ላይ አኖረው።
አውራ ጣቱን በጠርዙ ላይ አስኬደ፣ ቀስ፣ ቀስ፣
አንድ ቦታ ቆመ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ቆመ።
ፊቱ ወደ መንገዱ እንደ ቀና፦
«ዙበይዳ፣ እዚህ ጋ ሁለት ስፌት ዘለልሽ።»

ዓይኔን ሰበርሁ።