ብየዳ

ጉም ከጮቄ ወርዶ ሞጣን ሲያለብሳት፣
ቆርቆሮው ሲያለቅስ፣ ውሻው ዝም ሲልባት፣
ሰባት ሰው ቆመዋል ጋቢ ተከናንበው፣
እንደ ለቅሶ መጪ ደጃፌን ከብበው።
ከቤቴ ውሃ እንኳ ቀምሰው የማያውቁ፣
«ብረት መቁረጫ አለሽ ወይ?» ብለው ጠየቁ።

ይታይሽ ነኝ እኔ፣ ብረት ቆራጭ፣ በያጅ፣
የማረሻ ሞራጅ የቀጥቃጭ ልጅ ልጅ።
አያቴን «ጅብ ነው፣ ሙት ያስነሳል» አሉት፣
ከለቅሶ ከሠርጉ ከማኅበር ለዩት።
እሱ ግን አንድም ሙት አስነስቶ አያውቅም።
የገዛ ልጁን ኩፍኝ ሲነጥቀው
ብቻውን ቆፈረ፣
ብቻውን አፈር አለበሰው፣
በነጋታው የጎረቤት ማረሻ ሞረደ።

ባለፈው ክረምት ነው፣ ነጭ መኪና መጣ፣
«ሞት ስሕተት ነው» የሚል ሐኪም ከውስጡ ወጣ።
የፊታውራሪን ቤት፣ ጣራው የረገፈ፣
የእህል ጉድጓዱን በረዶ አሳቀፈ፤
ከሬሳ ፀጉር ላይ ዘር እየቆነጠረ፣
በመስታወት ጋን ውስጥ ሰው ያበቅል ጀመረ።
የአያቴን መዶሻ፣ እጀታው በላብ የጠቆረ፣
«ለቅርስ ነው» ብሎ ገዛኝ። ሸጥኩለት። ቸግሮኝ ነበረ።

በአርባው ዋዜማ፣ ጠላው ተጠንስሶ፣
ስማቸው ከች አለ የሐኪም ነጭ ለብሶ፤
እናቱ እልል አለች፤ አባ ተቀመጡ፤
ለተፈታ ነፍስ የቱን ጸሎት ያምጡ?
ስም ያውቃል፣ መንገድ ያውቃል፣ ሳቁም የጥንቱ ነው፤
ጨው ግን አይለይም።
ሌት ሌት በሩ ላይ ቆሞ
ፊቱን ወደ ኮረብታው ያዞራል፣
ጄኔሬተሩ ሲያጉረመርም
ከንፈሩ አብሮ ይንቀሳቀሳል።
እስከ ጥቅምት አሥራ አንድ ሆኑ።
ከዚያ ሐኪሙ ጠፋ፤ የጉድጓዱ በር ከውስጥ ተዘጋ።

«ምን ሰምታችሁ መጣችሁ?» አልኩ።
ሽማግሌው ጥሩነህ ጋቢውን አፉ ላይ ያዘ፦
«የራሴን ድምፅ ሰማሁ፣ ከበሩ ወዲያ፣
ውሃ ሲለምን።
እኔ ግን፣ ልጄ፣ ገና አልሞትኩም።»

ወጣን። ጉሙ ጠባብ ነበር፣ እንደ ሰው ጉሮሮ።
ማሽኔን አራት ሰው ተሸከመ፤
ገመዱን ከራሱ ከቤቱ መስመር ላይ ቀጠልኩ፤
ብረቱ ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ።
ጠብታ። ጠብታ። ከዚያ፦
ሁለት ቀላል፣ አንድ ከባድ።
ሁለት ቀላል፣ አንድ ከባድ።
ማረሻ ሲቀጠቀጥ በሞጣ ምድር
እንዲህ የሚመታ አንድ ሰው ነበር፤
ካረፈ ሃያ ሦስት ዓመቱ። በጣም ደክሞት ነበር።

«ይታይ» አለኝ በበሩ ስንጥቅ፣ በዝግታ፣
«እሳቱን አንድጂልኝ።»

ጭምብሌን ፊቴ ላይ አወረድኩ።
ሰባቱ ጀርባቸውን ሰጡ፣ ዓይናቸውን በጋቢ ሸፍነው፤
ከውጭ ላለ ሰው
መቁረጥና መበየድ አንድ ዓይነት ብርሃን ነው።