ቀሪ ሁለት

«ስንት ቀን ነህ?» አለችኝ፣ ገና ጫማ ሳወልቅ፤
«ከሱብሂ በኋላ ወጪ ነኝ፣ ጭነት አለ ኮምቦልቻ የሚጠብቅ።»
ምንም አልመለሰች።
«ውሃው ሞቋል፣ ውዱእ አድርግ» ብቻ አለች።

የተወለድኩት እዚሁ ነው፣ ከዚህ መደብ ማዶ፣
ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ጦሳ አናቱን በጉም ጋርዶ፤
የበሩን ቁልፍ በጨለማ አውቀዋለሁ፣ የትኛው ጥርሱ እንደጎደለ፣
የትኛው ቆርቆሮ ሐምሌን አሳልፎ ትራሴ ላይ እንደጣለ።

ሸህ ሙሔ ግን ጠይቀውኝ ነበር አምና፣
በሸዋ በር መስጂድ ደጃፍ፣ ከጁምዓ ወጥተን ገና፦
«ሚስትህስ?»
«ሎጊያ።»
«ልጆችህ?»
«ሎጊያ።»
«ደሴ ተመልሰህ ልትኖር ኒያው አለህ?»
ዝም አልኩ። ጫማዬን ፈለግሁ። እግሬ ላይ ነበር።
«እንግዲህ ሙሳፊር ነህ ልጄ፣ ባለ አራቷን ሁለት ስገድ፣ በቃ፤
አላህ ሲሰጥህ ተቀበል፣ አይግደረደሩም ለሶደቃ።»

ሶደቃው ቀሎኝ ነበር፣ ሚሌ ላይ፣ ከተሳቢው ጥላ፣
ገላፊ ኬላ፣ ካርቶን አንጥፌ፣ ወረፋዬ ሳይደርስ ኋላ።
እዚህ ግን ከበደኝ።

አባባ በነበረ ጊዜ ጥያቄው አልተነሣም፤
እሱ ፊት ይቆማል፤ ከኋላው ለቆመ መንገደኛ ሁለት ብሎ ማቆም የለም።
ኢማሙ የአገሩ ሰው ነው፣ ተከታይ ከሱ ጋር ይሞላል፤
ሌሊቱን ለምነዳው ለእኔም፣ አራቱ እኩል ይደርሰኛል።

ዘንድሮ መስገጃው ግንባሩ በነካው ቦታ ሳስቶ፣
ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፣ ባለቤቱን አጥቶ።
እማ አወረደችው። አነጠፈችው። ወንበሯን ከኋላ ስባ፣
«ቅደም፣ ቡሽራ» አለች፣ ነጠላዋን ደርባ።
(ጉልበቷ አይታጠፍም። ተቀምጣ ነው የምትሰግደው።)

ቀደምኩ። ዞር አልኩ፣ ቃሉ እየተናነቀኝ፦
«እኔ መንገደኛ ነኝ፣ እማ። ሁለት ላይ ሰላም ስል፣ አንቺ ቀጥዪ፣ አትከተዪኝ።»
«አውቃለሁ» አለች።

አላሁ አክበር። አንድ። ሁለት። ተሸሁድ።
ወደ ቀኝ ሰላም፣ ወደ ግራ ሰላም።
ከጀርባዬ ግን ሰላም የለም።
ወንበሩ ሲጢጥ አለ፤ ተክቢሯ ወጣ፣ ቀጭን፤
ከዚያ ከንፈሯ ብቻ ተሰማኝ፣
ስንዴ እንደሚለቅም እጅ።

አልዞርኩም። ባጃጅ ጥሩምባ ነፍቶ አለፈ።
ውሻ ጮኸ። የጎረቤት በር ተከፈተ፣ ተቀረቀረ።
ሁለት ረከዓ አጭር ናት፣ ለማደያ ወረፋ እንኳ አትበቃም፤
ያን ምሽት ግን፣ ሎጊያ ድረስ ነድቼ ብመለስ አታልቅም።
እኔ ከወጣሁበት ሶላት፣
እናቴ ገና ውስጡ ነበረች፣
ብቻዋን፣
ሁለት ሰው የሚያህል ዝምታ ይዛ።

ስትጨርስ ሙስበሃው ጣቴ ላይ ሁለቴ ዞሮ ነበር።
«አላህ ይቀበልሽ።»
«ያንተንም። ባጭሩም ቢሆን።»
ሳቀች፤ አባባን ስታሾፍበት እንደምትስቀው።

ሌሊቱን በሶ ቋጠረች። ካልሲዬን እሳት ዳር አደረቀች።
አልተኛችም መሰለኝ።

አዛን ከአረብ ገንዳ ተነሣ፣ ከሆጤ ሌላው ተቀበለ፤
ጉሙ ደጅ ድረስ ወርዶ፣ እንደ ላም ምላስ በሩን ላሰ።
«ቅደም» አለች። ቀደምኩ። አሁን ዞሬ ምንም አላልኩም፤
ሱብሂ አይቆረጥም፤ ሁለት ነው ለእንግዳም፣ ለባለቤትም።
አንድ። ሁለት። ተሸሁድ። ወደ ቀኝ ሰላም ስል፣
የእሷም ሰላም መጣ ከኋላዬ፣ ከእኔ ጋር እኩል።

ሀረጎን በሚኒባስ ወረድኩ። መስኮቱ አይዘጋም፣ ብርድ ነው።
ኮምቦልቻ ስደርስ ፀሐይ ወጥታለች፤ ረዳቴ ጎማ ይደበድባል።
በሶው ገና ለብ ያለ ነው።
ዙህር ባቲ ላይ ያገኘኛል።
ሁለት።