ሁለት እርሳስ

በማታንቼሪ፣ ከኮቺ ወደብ ዳር፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ቁንዶ በርበሬ መዘንኩ።
ሁለት እርሳስ ነበረኝ፤
አንዱ ከጆሮዬ ላይ ተሰክቶ፣
አንዱ ከክብደቱ ሳህን ሥር ተለጥፎ።
የታችኛው ያጎድላል፣ የላይኛው ይጽፋል፤
ሁለቱም ድምፅ የላቸው።

ሳህኑ ባዶውን እንዳያዘነብል
ከሥር በእግሬ ጣት ደገፍ አደርገዋለሁ፣
ጆንያው ሲጫን እለቀዋለሁ።
ይህን ያሳየኝ ዴቭሺ ሼት ነው፣ ባለመጋዘኑ።
እሱን ይማረው፤
እኔ ግን ወድጄ ተማርኩ።

ከተራራው ከሚወርዱት አንዱ ኦውሴፍ ነበር።
ስመዝንለት ዘንጉን አያይም፣ ፊቴን ነው የሚያይ።
«ፓይሊ፣ መንገድ ላይ ፀሐይ ጠጥታው ይሆናል» ይለኛል።
«ይሆናል» እለዋለሁ።
ከየጆንያው ሁለት ሁለት ኪሎ ጠጣች።
ፀሐይን ማን ይከሳል?

ሼቱ ሞተ። ንግዱ በኮንቴይነር ተጭኖ ሄደ።
መጋዘኑን አይጥና እርግብ ተከራዩት።

ከዚያ አንድ ታኅሣሥ ከተማው ሌላ ሆነ፤
ከግንቡ ላይ ፊት፣ ከጉድጓዱ መብራት፣
ከጀልባ ማቆሚያው ማንም የማይሳፈርበት ደረጃ።
ቢየናሌ ነው አሉ።
ቃሉን ከሁላችን ቀድማ የለመደች ዓሣ ሻጯ ናት፤
«በየሁለት ዓመቱ ይመጣል፣» አለችኝ፣
«ከሰርዲን ይሻላል፣ ቀኑን ያከብራል።»

ግራሲንዳ የምትባል ሴት ከሊዝበን መጥታ
ሚዛኑን ከአቧራ ውስጥ አወጣችው፣ ሰቀለችው።
በዚህም ሳህን ምንም፣ በዚያም ሳህን ምንም፤
ባዶው ሚዛን ግን ቀስ ብሎ አዘነበለ።
አፏን በእጇ ያዘች።
«የባሕሩ ነፋስ» አለች፤ ትንሽ ቆይታ፣ «የሌሉት ሰዎች።»
ግድግዳው ላይም እንዲሁ ተጻፈ፦ የሌሉት ክብደት።
ለእኔ ሰማያዊ ሸሚዝ ሰጡኝ፤
ሥራዬ፣ ማንም እንዳይነካው።

በሁለተኛው ዙር አንድ የቡሳን ልጅ
መብራት አበራበት፣ ስሙን «ስበት» አለው።
ሰው ተሰለፈ። አንድ ፕሮፌሰር ስለ ፍትሕ ሲናገር
የሳህኑ ጥላ ጫማው ላይ ወድቆ ነበር።
ጎንበስ ብሎ ከሥር ያየ አንድም የለ፤
መጎንበስ የተሸካሚ ነዋ።

በሦስተኛው ኤሊያማ መጣች፣ የኦውሴፍ ልጅ፣
አስተማሪ ሆናለች፣ አርባ ተማሪ አስከትላ።
«አባቴ የሚያወራለት ሚዛን ይሄ ነው?» አለችኝ።
«እቤታችን ትንሽ ሚዛን ነበረን፣
ሁልጊዜ ሁለት ኪሎ አብዝታ የምትናገር።
እናቴ አንድ ቀን ተናዳ፣
ይቺ ውሸታም ብላ ወንዝ ጣለቻት።»
ሳቀች። ልጆቹም ሳቁ።
ከዚያ ፊቴን አየችኝ፣ ልክ እንደ አባቷ፤
«ሚዛንም ያረጃል፣ አይደል?»
«ይሆናል» አልኳት።

ሲመሽ በሩን ከውስጥ ዘጋሁ።
ጎንበስ አልኩ፤ ጉልበቴ መጋዘኑን ሁሉ የሰማው ጩኸት ጮኸ።
በጥፍሬ ፈልቅቄ አነሣሁት፤
ጥቁር፣ ለስላሳ፣ የሕፃን ጡጫ ታክላለች።
በቫይፒን ጀልባ ላይ ልጥላት ብዬ ነበር፤
ባሕሩ ምን አደረገኝ?

ጧት ሚዛኑ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣
በዚህም ምንም፣ በዚያም ምንም።
«ተበላሸ!» አሉ አዘጋጆቹ።
ስልክ ተደወለ፣ ፎቶግራፍ ከፎቶግራፍ ተመሳከረ፣
ከሙምባይ ባለሙያ መጣ፣ ነጭ ጓንት ያደረገ።
በርከክ ብሎ ከሳህኑ ሥር አንዳች ነገር ለጠፈ፣
ሚዛኑም እንደ ጥንቱ ቀስ ብሎ አዘነበለ።
አጨበጨቡ።
ምን እንደለጠፈ ከበሩ ሆኜ አይቻለሁ።
እርሳስ ነው።

ቤት ገብቼ የድሮውን መዝገብ ፈለግሁ።
ከጀርባው በኩል፣ ካልተጻፈበት ገጽ ጀመርኩ፤
ኦውሴፍ፣ ሁለት ኪሎ።
ኦውሴፍ፣ ሁለት ኪሎ።
ኦውሴፍ፣
ሁለቴ ቀረጽኩት፤ አሁን በጣቴ አይያዝም።
ገና የመጀመሪያው ክረምት ላይ ነኝ።