ወናፍ

ከኩታበር መጣ፣ ጭጋግ ተከናንቦ፤
አልጋው ጫፍ ተቀመጠ፣ ለጫማው አስቦ።
«ሸሚዝዎን ያውልቁ፣ በግራ ጎን ይዙሩ፤
ጄሉ ይቀዘቅዛል፣ አደራ፣ እንዳይፈሩ።»
ሳቀ፦ «ዕድሜ ልኬን እሳት የነካሁ ሰውዬ
ይሄን ውሃ ልፍራ? ኧረ ተወኝ ወዬ!»

አያ እብሬ ይባላል። ማረሻ ያሾላል፣ ማጭድ ይቀጠቅጣል፤
የገበያው ሰው ሥራውን ይገዛል፣ ዓይኑን ግን ይሸሻል።
እናት ልጇን ሸፍና ታልፋለች በደጁ፤
ሳንቲሙን ይጥሉለታል እንጂ አያኖሩም በእጁ።
«ሰውን ዘልቆ ያያል፣ በዓይኑ ይበላል» ይላሉ።

ይኸው ዛሬ ደሴ፣ በጨለመ ክፍል፣
በጎድኑ መሃል ዓይኔን አስገብቼ፣ ዘልቄ የማየው
እኔ ነኝ። እሱማ ጣሪያውን ነው የሚያየው።

ልቡ መጣ በስክሪኑ፤ ግራጫ፣ እንደ ክረምት ሰማይ፤
ቫልቩ ይውለበለባል፣ እንደ ሻሽ በነፋስ ላይ።
ስፋቱን ለካሁ ሲሞላ፤ ስፋቱን ለካሁ ሲጨመቅ፤
ስልሳ ሁለት ከመቶ። ለሰባ ዓመት ሰው ማለፊያ፣ የሚደነቅ።
እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ «ደህና ነው» ብዬ በፈረምኩ፤
«ታዲያ ዳገት ሲወጣ ትንፋሹ ለምን አጠረ?» አልኩ።

ዶፕለሩን ከፈትኩ። ክፍሉ ሞላ በሹክሹክታ፤
ሹፍ... ሹፍፍ... ደሙ ከላይ ሲወርድ፣ በሩ ሲከፈት ላንድ አፍታ።
ሁለት ተራራ ይነሳል በመስመሩ ላይ፣ በየምቱ፤
የፊተኛው ሊረዝም፣ የኋለኛው ሊያጥር ነው ሥርዓቱ።
የሱ ግን ተገልብጧል፤ ጦሳ ከአዝዋ ሥር ወርዶ፤
ሲጨብጥ ፈጣን የሆነው ልብ፣ ለመላላት ከብዶ።

እንዴት ልንገረው?
«አያ እብሬ፣ ልብዎ ይገፋል፣ በጉልበት ነው የሚገፋ፤
ግን ገፍቶ ሲያበቃ... ደም ሊቀበል... ቶሎ አይሰፋ፤
ማለቴ...»

«ወናፍ» አለኝ።
«ወናፍ ነዋ! ቆዳው የደረቀ። ሲጫኑት ይተነፍሳል፣ እሳትም ያነዳል፤
ሲለቁት ግን አየር አይስብም፤ እያቃሰተ ይከብዳል።
ጀማሪ የሚያየው ንፋሱን ነው፣ ከአፉ ሲወጣ፤
ያወቀ ግን የሚያዳምጠው ሲገባ ነው፣ ሲመጣ።»

ዝም አልኩ። ለተማሪዎቼ ሦስት ሰዓት የማስረዳውን፣
ጄሉ ደረቱ ላይ ሳይደርቅ ጨረሰው፣ ነገሩን።
«ወናፉንስ ምን ያደርጉታል?» አልኩ፣ ሐኪሙ ጠያቂ ሆኜ።
«ቅቤ ነዋ። ደግሞ ዕረፍት፤ እሳቱን ለጥቂት ቀን ዳፍኜ።»
«ለልብዎ ቅቤ አይሆንም!» ሳቅን፣ ሁለታችንም፤
ጨውን፣ ግፊቱን፣ ኪኒኑን ነገርኩት፤ «እሺ»ም «እምቢ»ም አላለም።

ሲወጣ እጄን ዘረጋሁ። ቆየ። እንግዳ ሆነበት ድርጊቱ፤
ጣቶቹ አንድ በአንድ ላሉ፤ መዳፉን ሰጠኝ፣
ከነጠባሳው፣ ከነትኩሳቱ።
«አብሽር» አለኝ። እኔን።

ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ መጨመቁ ደህና፤ መላላቱ፣ አንደኛ ደረጃ ጉድለት።
ከሥሩ በእርሳስ «ወናፍ» ብዬ ጽፌ ነበር።
ለፋይል አይሆንም፤ ግን አላጠፋሁት።