ደጅ ዘጊው

በኒውፋውንድላንድ ጠረፍ፣ በዓሣ አስጋሪ መንደር፣
የሬዲዮው ሰውዬ ቁጥር ሲናገር
ድምፁን አላነሳም።
ሁሉም ሰው ገባው ግን፤ የጋርላንድ ሱቅ ሞላ፤
ዳቦ፣ ወተት፣ ሻማ፣ የቆርቆሮ ባቄላ።
አማቾች ተጣሉ ለአንድ ጥቅል ባትሪ፤
«ልጄ ጨለማ ፈሪ»፣ «እኔም ሚስቴ ፈሪ»።
ኋላ ግን ተካፍለው አፍረው ተለያዩ፣
ሰማዩን በጎሪጥ እያዩ፣ እያዩ።

እኔ ሊያንደር ነኝ፣ የመንገድ ጠራጊ፤
ሰፈሩ ያወጣልኝ ስም ግን «ደጅ ዘጊ»።
የመኪናዬ ማረሻ በረዶ ሲገፋ ይከፍላል፣ ያጠፋል፤
ለአላፊው ስከፍት የነዋሪው ደጅ ይጠፋል።
ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆፍሮ አምጦ
በከፈተው መግቢያ ሸክሜ ተገልብጦ
ሲያይ ማን ይመርቃል? አካፋ ወርውሮ
አንዱማ መብራቴን ሰብሮታል ዘንድሮ።

ከሁሉም የባሰች ፊሎሜና ናት፣
ኮረብታው ጫፍ ላይ ብቻዋን ቤት ያላት፣
ሰማንያ ዘጠኝ ዓመት ያላበረዳት።
መስኮቷን በርግዳ፦ «ብረትህ ይዛግብህ!
ደጄን እንደዘጋህ ደጅህ ይዘጋብህ!»

ማክሰኞ እኩለ ሌት ከባሕሩ መጣ፤
ቁልቁል መውረድ ትቶ ወደ ጎን ተቆጣ።
መጀመሪያ አጥሩ ጠፋ።
ቀጥሎ መኪናው ጉብታ ሆነ፣
ቀጥሎ ጉብታው ሜዳ።
ሃያ ዓመት የነዳሁበት መንገድ
ለእኔው ለጠራጊው ሆነብኝ እንግዳ።

ሲነጋ ሰዉ በሩን ወደ ውስጥ ሲከፍት
የበሩን መልክ አገኘ፣ ከነእጀታው፣
በነጭ ግድግዳ ላይ ታትሞበት።
ልጆች ከፎቅ መስኮት ዘለው ጠፉ፣ ሳቃቸው ብቻ ተሰማ።
የኤፊ ባል ዱላ ሰክቶ በየሰዓቱ ይለካል፤
«ስትለካው ያቆማል?» አለችው፤
አላቆመም፤ እሱም አላቆመም።
አይዛያ የሞተው እሑድ ነበር።
ጉድጓዱ ተቆፍሮ ሳለ የተቆፈረበት ጠፋ፤
ሦስት ቀን በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ጠበቀ።
«በቁሙም ቸኩሎ አያውቅም» አሉ ወንድሞቹ፣
ካርታ እየተጫወቱ አጠገቡ።

እኔ ሌሊቱን ሁሉ አንዲት መብራት ነበረችኝ፤
ፊሎሜና ፋኖስ ሰቅላለች ከላይኛው መስኮት፣
እያየች ልትረግመኝ ነው፣ አልኩ በልቤ።
አንድ ዙር፣ አለች። ሁለት ዙር፣ አለች። ሦስት።
ከዚያ ታችኛው መታጠፊያ ላይ ተቀርቅሬ
ብዙ ቆየሁ፤
አራተኛው ዙር ላይ መስኮቱ ጨለመ።
ፍሬን ያዝኩ። ማረሻው አጉረመረመ።

«ከመኪና አትውረዱ» ይላል ደንቡ።
ወረድኩ። በረዶው እስከ ብብቴ ዋጠኝ።
አካፋዬን ይዤ እኔው የቆለልኩትን፣
ሦስት ዙር አልፌ እኔው የዘጋሁትን
ቆፈርኩ።
ማረሻ የገፋው በረዶ ድንጋይ ነው ለካ!
ያለ እርግማን አይነሳም፤ ረገምኩ፣
ራሴን፣ በእሷው ቃል፣
አንድ አካፋ፣ አንድ እርግማን።

ክንድ ሲቀረኝ ከወዲያ ማዶ
የሚጭር ነገር ሰማሁ።
ቀዳዳው እንደ ፊት ሲሰፋ ፋኖሱ መጣ፣
ከፋኖሱ ኋላ ፊሎሜና፣
የከሰል መዛቂያ በእጇ፣
የሟች ባሏ ቦት ጫማ በእግሯ፣
ወገቧን በገመድ ከደረጃው ጋር አስራ።

«ወዴት ነው?» አልኳት።

ገመዱን አየችው። እኔን አየችኝ።
«ዘገየህ» አለች፣
በሩንም ደህና አድርጋ ዘጋችብኝ።

ማረሻዬን አንስቼ ስሄድ፣ ምን ላድርግ፣
የከፈትኩትን መግቢያ መልሼ ደፈንኩት።
«ብረትህ ይዛግብህ!» ከነፋሱ ጋር ደረሰኝ፤
በመስታወቴም አየሁ፣
ፋኖሱ ደረጃውን ቀስ ብሎ ሲወጣ፣
እያረፈ፣
ወደ መስኮቱ።