ርገጪ፣ ያዢ፣ ልቀቂ

ቫልፓራይሶ ውስጥ፣ ከኮረብታው አናት ለሆነ ሰው ቤቱ፣
ፍሬን ነው የጠዋት ጸሎቱ።
መንገዱ አይወርድም፤ መንገዱ ይወድቃል፣
ከታች ውቅያኖሱ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

እኔና ኤደልሚራ፣ ሠላሳ አራት ዓመት፣
በዚህች ጠባብ ጓሮ፣ በየሁለት ክረምት፣
የፍሬን አየር ስናስወጣ ኖርን፤
በሦስት ቃል ተግባባን፣ በሦስት ቃል ሠራን።
እኔ ከጎማው ሥር፣ ካርቶን ላይ በጀርባ፣
ቁልፉን በጥርሴ ይዤ፣ ላስቲኩን ጠርሙስ ውስጥ ሳስገባ፤
እሷ ከመሪው ኋላ፣ ጫማዋን አውልቃ፣
እንደ ዘብ ነቅታ፣ እንደ ዘብ ተጠንቅቃ።

«ርገጪ።»
      «ረገጥኩ።»
«ያዢ።»
      «ይዣለሁ።»

ቡሎኗን ሩብ ዙር። አሮጌው ዘይት ፈሶ፣
እንደ ከረመ ሻይ ጠቁሮና ደፍርሶ፣
አረፋውን ተፍቶ ጠርሙሱ ውስጥ ሲያርፍ፣
እዘጋለሁ። «ልቀቂ።» ደግሞ ከራስ፣ አረፋው እስኪነጥፍ።
ከሩቁ ጎማ ተነሥቶ ወደ ቅርቡ ነው ሕጉ።

ሒሜና መፀነሷን የሰማሁት እንኳ
ከኋላ ቀኝ ጎማ ሥር ነበር።
«ይዣለሁ» ብላ ቀጠለች፣
«ደግሞም፣ አያት ልትሆን ነው።»
ቁልፉ ግንባሬ ላይ ወደቀ። ጠባሳው ይኸው አለ።

ይህችኛዋ መኪና ግን ኮምፒውተር የዋጠች፣
በእግርና በፍሬን መሃል ዳኛ ያስቀመጠች፤
ኮፈኑ ሥር የብረት ሳጥን፣ በውስጡም ትንንሽ በር፣
ማን ከፍቶ ማን እንደሚዘጋው በዓይን የማይታይ ምስጢር።

ባለፈው ማክሰኞ አይደለም፣ በዚያኛው፣
የልጅ ልጃችን ከኋላ ወንበር፣
ፔዳሉ ወርዶ ወለሉን ሳመው።
መሪውን ወደ ግንቡ። ጎማው ድንጋዩን ሲፈጨው፣ ሲፈጨው፣
ቆምን። ልጅቷ ሳቀች። ጨዋታ መስሏት ነበር።
ለኤደልሚራ፣ «ውሻ ገባብኝ» አልኳት።
እውነቱን ዳቦ ሻጩ ኖልቤርቶ ነገራት።

አሥራ አንድ ቀን ዝም። ጨው እንኳ ስጠይቅ
በአንድ ጣቷ ነው ጠረጴዛው ላይ የምትገፋልኝ።

«እግሯ ለምኔ!» አልኩ፤ በሆዴ ነው ያልኩት፣
አየር መምጠጫ ፓምፕ ከገበያ ገዛሁት።
ብቻዬን ስጎትት፣ ብቻዬን ስከራከር፣
ለእሷ የምሰጠውን መልስ ስደረድር፣
የዘይት ዕቃውን መሙላቱን ረሳሁት፤
ደርቆ፣ አየር ጎርሶ አገኘሁት።
አየሩም ሳጥኑ ውስጥ ገባ።
አራቱን ጎማ አራት ጊዜ ዞርኩ፤
ፔዳሉ አሁንም እንደ ራሰ ስፖንጅ።
ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዳሁ ሰው፣
ጓሮዬ ላይ በአንዲት አረፋ ተሸነፍኩ።

ከጎረቤት ልጅ፣ ከላውታሮ፣ መመርመሪያውን ተዋስኩ፤
ከመሪው ሥር ሰካሁት፣ መነጽሬን ፈልጌ አነበብኩ፦
«የፓምፕ ሥራ ሊጀመር ነው።
ረዳትዎ ፔዳሉን ይርገጥ። ይያዝ።»
ረዳትዎ!
ሦስት መቶ ሺህ ፔሶ የወጣበት ማሽን፣
እሱም የሚፈልገው ያንኑ እግር ሆነ።

አሥራ ዘጠኝ ደረጃ ወጣሁ።
አተር ትፈለፍላለች። ይቅርታ የሚለው ቃል
አፌ ውስጥ ነበር፤ እዚያው ሟሟ።
«ማሽኑ ይፈልግሻል» አልኳት።
አየችኝ። ደግሞ አተሩን አየች።
ከዚያ ጫማዋን እያወለቀች ወረደች።

ፓምፑ አጓራ፣ መኪናዋ ብርድ እንደ ያዘው ተንቀጠቀጠች፤
«እግሬን እየመታኝ ነው!» ብላ ጮኸች።
«ያዢው! እንዳትለቂ!»
መጣ። መጀመሪያ እንደ ዓሣ እንቁላል የደቀቀ፣
ኋላ አንድ ትልቅ፣ ላስቲኩን ያስጨነቀ።
«ወጣ?»
«እየወጣ ነው።»
«ይሄ ሁሉ የት ተደብቆ ነበር?»

ከሥር ሆኜ ፊቷ አይታየኝም፤
ለዚህ ይሆናል አፌ የተፈታው።
«ውሻ አልነበረም» አልኩ።
«መላላቱን ከፋሲካ ጀምሮ አውቅ ነበር።»

ቡሎኗ ክፍት ናት። አሁን እግሯን ብታነሣ
አየሩ ተመልሶ ይገባል።
ፓምፑ ዝም አለ። ከወደቡ የመርከብ ጡሩምባ ተሰማ፣
ደግሞ ሌላ መርከብ መለሰለት።
አላነሣችም።

«ዝጋው እንጂ» አለች ቆይታ፣ «እግሬ ዛለ።»
ዘጋሁት።
የፊት ግራው ጎማ ገና ነበር።